ሳይባል የሚታወቅ

መምህሯ ጠዋት ኮሌጁ ስትደርስ የክፍሉ በር እንደ ልማዱ አልከፈት አላት። በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባች። ሰሌዳውን ጠረገች፤ መስኮቱ ላይ ያረፈውን ጤዛ በእጅጌዋ አበሰች፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ማሞቂያው ከተበላሸ ሰንብቷል። ተማሪዎቿ ፊዚክስ የሚማሩት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ነበር።

የዚያን ዕለት ትምህርት ሳይጀመር አንድ ወጣት ማሞቂያ ገጣሚ ሜትር ይዞ መጣ። ግድግዳውን ለካ፤ ወደ ጣሪያው ቀና አለ፤ መስኮቶቹን በዓይኑ ዞራቸውና፣

«አርባ ሺህ ቢቲዩ» አለ ለራሱ።

ቢቲዩ የማሞቂያ ሰዎች ሙቀት የሚሰፍሩበት መለኪያ እንደሆነ መምህሯ ታውቃለች። እሷ የምታስተምረው ግን በጁል ነው።

«በምን ያህል ጊዜ?» አለችው።

«በሰዓት ነዋ።»

«ታዲያ በሰዓት አይሉም?»

«እኛ ሥራ ላይ በሰዓት የሚል የለም። ይታወቃል።»

«ያልተባለ ነገር እንዴት ይታወቃል?»

«ስለሚታወቅ እኮ ነው የማይባለው፣ መምህር።»

ልትከራከረው አፏን ከፈተችና ሳቋ ቀደማት።

ማሞቂያው ተሠርቶ አለቀ፤ እሱ ግን መምጣቱን አልተወም። ለሥራ ፈቃድ መፈተን ነበረበት፤ ፈተናው ደግሞ የሚወጣው በጁልና በኪሎዋት ነው። በምሳ ሰዓት ባዶው ክፍል ውስጥ ታስጠናው ጀመር። አንቱታውም ሳይነጋገሩበት ቀረ።

«አንድ ቢቲዩ ከሺህ ጁል ትንሽ ይበልጣል» አለችው።

«ለእኔ አንድ ቢቲዩ ማለት አንዲት ክብሪት ነድዳ እስክታልቅ የምትሰጠው ሙቀት ነው። ያንቺ ጁልስ?»

«ትንሽ ብርቱካን ከወለል አንስተህ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ፤ እሱን ያህል ነው።»

«ሺህ ብርቱካን ተሸክሜ አንዲት ክብሪት? አይ እሜቴ ጁል፣ አንቺ ጋ ሰው በብርድ ያልቃል።»

ስሟ በዚያው ጸና። እሷም «ቢቲዩ» አለችው።

ስሌቱን ቶሎ ያዘ። አንድ አመል ብቻ አልለቀው አለ፤ መልሱን ይጽፍና «በሰዓት» የሚለውን ይተዋል። በቀይ ታከብበታለች።

«ፈታኙ የልብህን አያነብልህም» አለችው አንድ ቀን።

«አንቺ ግን ታነቢዋለሽ።»

ቀና ስትል ዓይኑ ዓይኗ ላይ ነበር። ሁለቱም ወደ ወረቀቱ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የትኛው ቁጥር ላይ እንደነበሩ ማስታወስ አቃታቸው።

ነገሩ እናቷ ጆሮ ደረሰ።

«ይሄ የቧንቧ ሠራተኛ...»

«ቧንቧ አይደለም እማ፣ ማሞቂያ ነው።»

«የፈለገውን ይሁን። ጠይቆሻል?»

«አልጠየቀኝም።»

«እንግዲያው አትቅለይ። የሚፈልግሽ ከሆነ በአፉ ይናገር።»

ፈተናውን አለፈ። ወዲያው ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘ። ሊሰናበታት መጣና ኮፍያውን በእጁ እያሸ ሰሌዳው አጠገብ ቆመ።

«ቤት አግኝቻለሁ» አለ። «ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው የጠዋት ፀሐይ ይገባል። መስኮቱ ጋ የንባብ ጠረጴዛ ይቆማል። የማሞቂያውን ራዲያተር ከሥሩ አዞረዋለሁ፤ እግር እንዳይበርድ።»

እሱ ጋዜጣ እንኳ አያነብም። እግሯን የሚበርዳት እሷ ናት። ሁሉንም በደንብ ሰማች፤ ግን ቀሪውን ቃል ፈለገች። በአፉ ይናገር። ጠበቀች። እሱም ፊቷን እያየ ጠበቀ። በኮሪደሩ ተማሪዎች እየተሳሳቁ አለፉ።

«ጥሩ ቤት ነው» አለች በመጨረሻ። «መልካም መንገድ ይሁንልህ።»

የፊቱ ብርሃን ቀስ ብሎ ሲጠፋ አየች።

«እሺ» አለ። «ስላስተማርሽኝ አመሰግናለሁ፣ መምህር።»

እሜቴ ጁል አላላትም። ያን ያስተዋለችው ከወጣ በኋላ ነው።

ይደውላል ብላ ጠበቀች። ሲደውል፣ ያን ጊዜ ግልጹን ይናገራል። ስልኳ ሲጮህ እጇ ይቀድማት ነበር፤ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። እሷ ልደውል ብላ ስልኩን ታነሳና የእናቷ «አትቅለይ» ትዝ ሲላት መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ብርዱ አልፎ ሰው ካፖርቱን ሲጥል፣ ለእናቷ መድኃኒት ልትገዛ ወደ ማዕዘኑ ፋርማሲ ገባች። መድኃኒት ቤቱን የያዘችው የእሱ እህት ናት።

«ቆይ፣ ወንድሜ ምን አደረገሽ?» አለቻት እህቱ መድኃኒቱን እየጠቀለለች።

«ምንም። ለምን?»

«አብረን እንኑር ብዬ ጠየቅኋት፤ መልካም መንገድ ብላ ሸኘችኝ ብሎ ነው የሄደው። ካልፈለግሽው አልፈለግሽውም፤ ትንሽ ለስለስ ብትይ ምን ነበረበት?»

«አልጠየቀኝም።»

«የንባብ ጠረጴዛውን ለማን ሊያደርገው ነው ታዲያ? ለራሱ?»

መምህሯ የባንኮኒውን ጠርዝ ያዘች።

«ስልክ ቁጥሩን ስጪኝ» አለች። ቁጥሩ ቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ በዚያች ሰዓት ረስታዋለች።

እህቱ እጇን ከጥቅሉ ላይ አነሳች። ድምፅዋ ተለወጠ።

«አግብቷል እኮ፣ እህቴ። ባለፈው ወር። እኔ ደግሞ የምታውቂ መስሎኝ...»

ቤት ስትገባ እናቷ መድኃኒቱን ተቀብላ ፊቷን አየች። መምህሯ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

«በአፉ ይናገር ያልኩሽ ለአንቺ ብዬ ነው» አለች እናቷ።

«አውቃለሁ እማ።»

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እናትና ልጅ አብረው ምሳ ይበላሉ። ስለ ጎረቤት ያወራሉ፤ ስለ እናቲቱ ጉልበት ያወራሉ፤ ስለ ትዳር አያነሱም። የመምህሯ ሥራ ደህና ነው። ጤናዋም ደህና ነው። የሚያስቃት ሰው የለም።