የዋሲሁን ቅጠል

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ለማስፈራት ብዬ የጨመርኩት የለም። የተውኩት ነው የሚበልጠው።

እሑድ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ገደማ። እዚሁ ሀዋሳ፣ ከቤቴ ጀርባ ያለው ታቦር ተራራ ላይ።

ጨለማ አልነበረም። ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ጠርቷል፤ ከታች ሐይቁ ያንጸባርቃል። ክረምቱን ሙሉ በጭቃ የተዘጋው የእግር መንገድ ደርቋል።

ባለቤቴ ዋሲሁን ካረፈ ልክ ዓመቱ ነበር። እንዴት እንደሞተ አልጽፍም። እሱ የራሴ ነው።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ጥቁር ልብሴን ሊያስወልቀኝ ቀጠሮ ይዟል። ቀኑን የመረጡት እነሱ ናቸው። የምቀይረውን ሰማያዊ ቀሚስ ገዝተው ቁም ሳጥኔ ውስጥ የሰቀሉትም እነሱ።

እኔን የጠየቀኝ የለም።

እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጥቁሩን ከማውለቄ በፊት ብቻዬን ወጥቼ፣ ከዋሲሁን ጋር እናርፍባት የነበረችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ትንሽ መቀመጥ። እዚያ ሆኜ ልሰናበተው ነበር።

እሱንም አልፈቀዱልኝም። የዋሲሁን ታናሽ እህት ታቢታ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ብቻሽን አትወጪም።"

"ታቢታ፣ እባክሽ..."

"ወይ ፍንክች! እማዬ 'ትተሻት ከመጣሽ እንዳትገቢ' ብላኛለች። ደግሞ ለኔም ስፖርት ነው። ሆዴን እዪው እስቲ!"

ጥርሴን ነክሼ መንገድ ጀመርኩ። እሷ ከኋላዬ እያለከለከች ታወራለች።

እዚህ ላይ ስለ ዋሲሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ሹፌሩ ቅጠል ቆርጦ አስፋልቱ ላይ ይጥላል አይደል? "ተጠንቀቁ፣ ከፊት የቆመ ነገር አለ" ለማለት። ዋሲሁን ይህን ልማዱን ተራራም ላይ ይዞት ይወጣ ነበር። ሁልጊዜ ከፊቴ ይሄዳል። ጎርፍ የሸረሸረው መንገድ ካገኘ የክትክታ ቅርንጫፍ ሰብሮ ይጥልበታል። የተሰበረው ጫፍ ወደ እኔ። ንፋስ እንዳይወስደው ላዩ ላይ አንድ ድንጋይ።

ወዲያ አልፎ አይቶ መንገዱ ደህና ከሆነ ደግሞ ቅጠሉን ራሱ ያነሳና "ነይ" ይለኛል። ቅጠል ጥሎ ሳያነሳ የሚሄድ ሹፌር እንደሚያናድደው የሚያናድደው ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያውን ቅጠል ያገኘነው መታጠፊያው ላይ ነው።

"ልጆች ናቸው" አለች ታቢታ።

ተሻግረነው አለፍን።

ትንሽ እንደሄድን ሌላ... ክትክታ ነው። የተሰበረው ጫፍ ወደ እኛ ዞሯል። ላዩ ላይ አንድ ድንጋይ።

ጎንበስ ብዬ ነካሁት። ስብራቱ ገና እርጥብ ነው።

ቀና ብዬ አየሁ። ከቅጠሉ ወዲያ ሣሩ ላይ ያለው ጤዛ አልተነካም። ማንም አልረገጠውም።

ከተራራው ወዲያኛው በኩል ሊጸልዩ የወጡ ሰዎች ድምፅ ከታች ጀምሮ ይሰማን ነበር። ያኔ ነው ዝም ማለቱን ያስተዋልኩት።

"ሙሉዬ..." አለች ታቢታ በሹክሹክታ። "ይሄ... የወንድሜ..."

"ዝም በይ።"

እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ አልፈራሁም። ተናደድኩ። ዓመቱን ሙሉ ሰው ሁሉ እንዴት ማዘን እንዳለብኝ ሲነግረኝ ከረመ። አሁን ደግሞ እሱ? በሕይወት ሳለም ሁልጊዜ ከፊት እየሄደ የት እንደምረግጥ የሚወስነው እሱ ነበር። ዛሬ እንኳን ቢተወኝ ምን አለበት?

ቅጠሉን በእግሬ ገፋሁትና አለፍኩ።

ድንጋይዋ ጋ ልንደርስ ስንል መንገዱ ጠፋ። ሙሉ በሙሉ በቅጠል ተሸፍኗል። በላይ በላዩ ተከምሯል... ሰው በጥድፊያ እንደጣለው።

ከክምሩ ወዲያ ድንጋይዋ ትታያለች።

ሰው ተቀምጦባታል።

ጀርባውን ሰጥቶናል። የለበሰው ግራጫ ጃኬት የዋሲሁን ነው። ክርኑ ላይ የሰፋሁትን ቦታ አውቀዋለሁ።

ያ ጃኬት ግን ቤት ነው። ቁም ሳጥኔ ውስጥ። ጠዋት ስወጣ አይቼዋለሁ።

"ነይ" አለ።

ድምፁ የሱ ነው።

"መንገዱ ደህና ነው... ነይ።"

"ዋሴ!" ታቢታ እየጮኸች እግሯን አነሳች።

ሹራቧን ጨምድጄ ያዝኳት።

"ልቀቂኝ! ወንድሜ ነው!"

"አይደለም።"

"ድምፁ ጠፋሽ? ባልሽ እኮ ነው!"

"ታቢታ..." ክምሩን ጠቆምኩላት። "ቅጠሉ አልተነሳም።"

አየችኝ። ቅጠሉን አየች። የሹፌር እህት ናት፤ ገባት።

ዋሲሁን ቅጠሉን ሳያነሳ "ነይ" ብሎኝ አያውቅም።

ቅጠሉን የጣለውና ድንጋይዋ ላይ የተቀመጠው አንድ አልነበሩም።

የተቀመጠው ወደ ጎን ጠጋ አለ። በጃኬቱ እጅጌ አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ መታ መታ አደረገ። እኔ የምቀመጥበትን ቦታ።

ከእጅጌው ውስጥ እጅ አልወጣም።

ያኔ ከጎናችን፣ ቁጥቋጦው ውስጥ ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማን። ቀጭ... ደግሞ ቀጭ... ቀጭ... እንደቸኮለ ሰው።

ሮጥን።

ታች አስፋልቱ ላይ የቆመው ባለባጃጅ ሳቀብን። "እህቶች፣ ምን አባረራችሁ? ጅቡ በዚህ ሰዓት ተኝቷል!"



ከምሳ በኋላ ቤቱ በሰው ሞላ። ታቢታ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ወለሉን ታያለች። የዋሲሁን እናት እጄን ያዙኝ።

"በይ ልጄ፣ ግቢና ቀይሪ። ሰው እየጠበቀ ነው።"

"እሺ እማማ፣ ይቀመጡ እርስዎ።"

መኝታ ቤቴን በቁልፍ ከፈትኩ። ጠዋት የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ቁልፉ ከኪሴ አልወጣም።

ምንጣፉ ላይ፣ ቁም ሳጥኑ ፊት ለፊት፣ የክትክታ ቅርንጫፍ ተጋድሟል። የተሰበረው ጫፍ ወደ እኔ።

ላዩ ላይ አንድ ድንጋይ።

ሰማያዊው ቀሚስ እዚያ ውስጥ ነው። ጃኬቱም እዚያ ውስጥ ነው።

በሩን መልሼ ቆለፍኩና በጥቁር ልብሴ ወጣሁ። እናቱ አለቀሱ። አክስቶቹ "ግትር ናት፣ ሐዘኗን ወዳዋለች" እያሉ ወጡ። ዛሬም ይላሉ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? አሁን ሳሎን ነው የምተኛው።

ድንጋይዋ ላይም ሳልቀመጥ ቀረሁ።

ቅጠሉ ግን እስካሁን አልጠወለገም። ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቼ ከደጃፉ ላይ አየዋለሁ።

ዛሬ ሳየው ተዘግቶ የነበረው የቁም ሳጥኑ በር ጣት በሚያስገባ ልክ ገርበብ ብሏል።

ቅጠሉ ላይ ደግሞ... ሁለተኛ ድንጋይ ተጨምሮበታል።