በባዶ እግር የተሳሉት ተሸካሚዎች

ሠዓሊው ጋስፓሬ በቅዱስ ሴባስትያን በዓል ጠዋት ሥዕል ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱን በድንጋይ ተመቷል። አጠገቡ ቀይ ቀለም ፈሷል፤ ቀለሙ ላይ የባዶ እግር ዱካ አለ።

ግድግዳው ላይ ጋስፓሬ የሳለው፣ በቀስት የተወጋው ቅዱስ ቆሟል፤ መልኩ የሰፈሩ ወጣት የቱሪ ነው። ወንድ የሚወዱ ወንዶች ከካታንያ ከተማ ድረስ እየመጡ «የኛ ቅዱስ» ብለው ሻማ ያበሩለት ነበር። ከቅዱሱ ሥር፣ በበዓሉ ቀን ሐውልቱን የሚሸከሙት ሰዎች በባዶ እግራቸው ተስለዋል።

ቱሪ ራሱ ሐውልቱን ከሚሸከሙት አንዱ ነው። በሥዕሉ ምክንያት፣ ወንድ እንደሚወድ አገር ምስጢሩን አወቀበት። ፖሊስም ዱካውን አይቶ፣ አፍሮ ገደለው ብሎ ከነነጭ የተሸካሚ ልብሱ ያዘው።

ኢንስፔክተር ሮዛሪያ ሦስት ሰው ሥዕል ቤቱ ሰበሰበች። አንዱ ቱሪ ነው። ሁለተኛው የተሸካሚዎቹ አለቃ ካርሜሎ፤ ሥዕሉን አቃጥላለሁ ብሎ ዝቶ እንደነበር አልካደም። ሦስተኛው ሬንዞ፣ ከጋስፓሬ ጋር ሚላኖ አሥራ ስምንት ዓመት ኖሮ ካለፈው በዓል በኋላ አብሮት የመጣው። ደወል እስኪደወል ተኝቼ ነበር ይላል።

ሮዛሪያ ተንበርክካ የቱሪን ሱሪ ጫፍ አየች። ወፍራም ነጭ ካልሲው ከሱሪው ጋር ተሰፍቷል።

«ማን ሰፋልህ?»

«እናቴ። ጎህ ሲቀድ፣ ቤተክርስቲያን ደጅ።»

«ሐውልቱ ቤተክርስቲያን ሳይገባ ስፌቱ አይፈታም» አለ ካርሜሎ። «በካልሲ እንጂ በባዶ እግር የሚሸከም የለም። ጋስፓሬ ለውበት ብሎ ነው እንዲያ የሳለን።»

ሮዛሪያ ክሩን በጣቷ ዳሰሰችው። አልተነካም። ጋስፓሬ ደግሞ ጎህ ከቀደደ በኋላ ዳቦ ሲገዛ ታይቷል፤ የተገደለው ካልሲው ከተሰፋ በኋላ ነው።

«ገዳዩ ዱካውን የተወው ቱሪን ለማስያዝ ነው» አለች። «ግን በዓላችንን ያየው ከሥዕሉ ላይ ብቻ ነው። ሬንዞ፣ እስቲ ጫማህን አውልቅ። የዘይት ቀለም በውሃ አይለቅም።»

ሬንዞ አላወለቀም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«አሥራ ስምንት ዓመት ብሩሹን አጠብኩለት» አለ። «አንድ ቀን እንኳ አልሳለኝም። ለዚህ ልጅ ግን ሻማ ይበራለታል።»

«እንዲስለኝ ቆሜለት ነበር እንጂ ጣቱ አልነካኝም» አለ ቱሪ ቀስ ብሎ።

ሬንዞ ቀና ብሎ አየው፣ ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ፖሊሶቹ ወሰዱት።

ቱሪ ነጻ ነህ ቢባልም ከደጁ አልወጣም። ወደ ሐውልቱ ሄዶ የነበረው ካርሜሎ ተመለሰለት።

«ምን ትጠብቃለህ? ሐውልቱ ባንተ በኩል አጋድሏል።»

«በኔ ቦታ ሰው አላስገባችሁም?»

«አላስገባንም።»

«ዶን ካርሜሎ፣ የሥዕሉ ነገር እውነት ነው።»

«ዓይን አለኝ» አለ ካርሜሎ። «ና፣ ከባድ ነው።»