የመጀመሪያዋ ጠርሙስ

አናጺው የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተዘርሯል። ጠረጴዛው ላይ ራሱ የጠመቀው ቢራ የተጋመሰ ጠርሙስና ሁለት ብርጭቆዎች አሉ፤ አንዱ ተጠጥቶበታል፣ ሌላው ንጹሕ ነው። ሐኪሙ የተጠጣበትን አሸተተና «መርዝ ነው» አለ።

«ታዲያ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል!» ብሎ ጮኸ የሟቹ ታላቅ ወንድም። «ቤቱ ውስጥ ከሚስቱ በቀር ማን ነበረ? ዛሬውኑ ውሰዱልኝ! ልጆቹን እኔ አሳድጋለሁ።»

ሚስትየዋ ሁለት ልጆቿን እቅፍ አድርጋ ቆማለች። እሷ ከታሰረች ልጆቹ የማን እጅ ላይ እንደሚወድቁ መርማሪዋ ወዲያው ገባት። ሃያ ዓመት የሰው ጉድ ስታይ የኖረች ሴት ናት፤ ጩኸት አያቻኩላትም።

«ሲከፍተው አይተሻል?»

«አዎ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ‹ደረሰልኝ፣ ደረሰልኝ› ሲል ከርሞ፣ ሲከፍተው ድምፅ የለ፣ አረፋ የለ። ‹ወይኔ ልፋቴ!› አለና መድፋቱ አሳዝኖት ጠጣው።»

«ጠርሙሱ ላይ ‹የመጀመሪያዋ› ብሎ የጻፈው መቼ ነው?»

«ዓርብ። ዛሬ እሑድ የምትቀመስ ብሎ መረጣት።»

መርማሪዋ ጓዳ ገብታ ከቀሩት ጠርሙሶች አምስቱን ከፈተች። አምስቱም ቸስ ብለው አረፋቸውን ተፉ።

«ቆርኪ መግጠሚያው የታለ?»

«እጀታው ተሰብሮ ሐሙስ ወርክሾፑ ወሰደው። ሳይጠግነው ቀረ።»

የሟቹ ጓደኛ፣ ሹፌሩ፣ ጥግ ይዞ ያለቅሳል። «ከሦስት ወር በፊት ቡና ቤት መሄዱን ትተን፣ አብረን ነው ጠመቃ የጀመርነው። በርሜሉን፣ መግጠሚያውን፣ ሁሉንም ሁለት ሁለት ገዛን። ቅዳሜ መጥቼ፣ እሱ ሥራ ላይ ስለነበር ቢራውን አየት አድርጌ ሄድኩ።»

«ቡና ቤት መሄዱን ለምን ተዋችሁት?»

«እንዲሁ… ሰለቸን።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። አንድ ፖሊስ ወርክሾፑ ደርሶ ተመልሷል፤ መግጠሚያው እንደተሰበረ ነው።

«ሌሎቹ ጋዝ አላቸው፣ የመጀመሪያዋ የላትም» አለች። «ስለዚህ ሰው ከፍቷታል፤ ጋዙ ወጣ፣ መርዙ ገባ፣ በአዲስ ቆርኪ ታሸገች። የምትጠጣዋ የታወቀችው ዓርብ ነው። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ቆርኪ መግጠሚያ አልነበረም፤ ቆርኪ ደግሞ በጣት አይገጠምም። ሁለተኛው መግጠሚያ» ብላ ወደ ሹፌሩ ዞረች፤ «ያንተ ነው። ጀማሪ ነህና፣ ሲታሸግ ጋዙም አብሮ የሚመለስ መሰለህ።»

ሹፌሩ ሳቅ ሞከረው። «ጓደኛዬን? ለምን ብዬ?»

«ከሦስት ወር በፊት በመኪና የተገጨ ዘበኛ አለ፤ ገጪው አልታወቀም። ልክ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ውጭ መጠጣት እርም አላችሁ። ሟቹ ደግሞ ነገ ፖሊስ ጣቢያ እንደሚሄድ ለሚስቱ ነግሯት ነበር።»

«ሊያሳስረኝ ነበር!» አመለጠው። ያለውን ሲሰማው ፊቱ ዐመድ መሰለ።

ሚስትየዋ ልጆቿን ለቀቀች። «ይሄ ንጹሕ ብርጭቆ ያንተ ነበር» አለችው። «‹እሱ ሳይመጣ አልከፍትም› ብሎ ጠበቀህ፤ ደውለህ ‹ጀምር› አልከው። ጉዳዩን አልነገረኝም። ‹ጣቢያ ብቻውን አይገባም፤ መኪናው ውስጥ እኔም ስለነበርኩ እጁን ይዤው እገባለሁ› ነው ያለኝ።»

ሹፌሩ እዚያው ቁጭ አለ። ታላቅ ወንድምየው ወደ ሚስትየዋ ዞሮ «ይቅር…» ማለት ጀመረ። እሷ ግን አልጠበቀችውም፤ ልጆቿን ይዛ ወጣች።