ከሞቱ የቀደመ ወሬ

የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበሩ አክሊሉ፣ ቅዳሜ ማታ በስደት በሚኖርበት ስቶን ማውንቴን ቤቱ ሶፋ ላይ እንደተቀመጠ ሞተ። ከሰዓት የማኅበሩ ኮሚቴ እዚያው ተሰብስቦ፣ ጭማቂ ጠጥቶ ሄዷል። አገሩ ሁሉ «ልቡ ነው» አለ። ሬሳው ማክሰኞ ወደ አዲስ አበባ ሊበር ነው።

ሚስቱ አረጋሽ ዘውድነሽን አስጠራች። ዘውድነሽ ድሮ አዲስ አበባ የፖሊስ መርማሪ ነበረች። «እኔ ሰው አላማም» ብላ ከጀመረች፣ ተመቻችቶ ተቀምጦ መስማት ነው።

«እትዬ፣ ሬሳው ከሄደ ምን እንደገደለው ሳላውቅ መቅረቴ ነው።»

«ልቡን ያመው ነበር?»

«ኧረ የለም። ኮሌጅ ፓርክ የመንገደኛ ሻትል ነው የሚነዳው፤ በቅርቡ እንኳ ለሥራው የሚጠየቀውን የጤና ምርመራ፣ ሜዲካሉን፣ ፓስ አድርጓል።»

ዘውድነሽ የማኅበሩን የሴቶች ክፍል ኃላፊ ፅጌረዳን ጥግ ላይ ያዘቻት።

«ልቡ ደካማ እንደነበር ማን ነገረሽ?»

«ጋሽ ጥሩሰው። ሐሙስ ዶራቪል ገበያ አገኙኝ።»

የኮሚቴውን አባል፣ የመዝሙር መሪውን ተስፋዬንም ጠየቀችው።

«ጋሽ ጥሩሰው ረቡዕ ቤቴ መጥተው ‹ልቡን አሞታል፣ ጸልይለት› አሉኝ።»

ሰኞ ልቅሶ ቤቱ ሞልቶ ሳለ፣ ዘውድነሽ ምክትል ሊቀመንበሩ ጥሩሰው ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጓድ ጥሩሰው።»

«እትዬ፣ ጓድ ድሮ ቀረ እኮ።»

«ሙያው አልቀረም። ፓርቲው ሲገዛ የቀበሌያችን ካድሬ ነበርክ። ከስብሰባ በፊት ቤት ለቤት ትዞራለህ፤ ለሴቶቹ ስኳር፣ ለወጣቱ ኳስ፣ ለሼኩ የመስጊድ ጣራ። ስብሰባው ላይ አንተ ዝም፣ እነሱ ያንተን ሐሳብ የራሳቸው አድርገው ይናገሩልሃል። እኔም አጨብጭቤያለሁ። እዚህም ፅጌረዳን ሾምካት፣ ለተስፋዬ አዳራሹን ለመዝሙር ለቀቅህለት። አክሊሉ ነቃብህ።»

«እሁድ ይህንኑ ለአባላቱ ሊናገር ነበር» አለች አረጋሽ።

«ታዲያ በዚህ ሰው ይሞታል?» አለ ጥሩሰው።

«ሕዝቡን ቀድመህ ማዘጋጀት ለምደህ ለቅዳሜ ሞት ረቡዕና ሐሙስ ምክንያት አከፋፈልክ። የሱ ልብ ጤነኛ ነበር። የልብ ክኒን የሚውጠው ማነው?»

ፅጌረዳ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ጋሽዬ... ወሩ ሳይጋመስ ‹ክኒኔ አለቀ› ብለውኝ ፋርማሲ ሄጄ ሪፊል ያደረግኩልዎት...»

«የቅዳሜውን ጭማቂስ ማን ቀዳለት?» አለች ዘውድነሽ።

«እሳቸው» አለ ተስፋዬ፣ ቀስ ብሎ።

«ግምት ነው» አለ ጥሩሰው። «ሬሳው ነገ ይሄዳል። ኮሚቴው ወስኗል።»

«ጠዋት በረራውን ካንስል አድርጌዋለሁ» አለች አረጋሽ። «ሬሳውን ሐኪም እየመረመረው ነው። ኮሚቴ አላስፈቀድኩም።»

ጥሩሰው ወደ ፅጌረዳ ዞረ። ወደ ተስፋዬ ዞረ። የሚናገርለት ሰው ጠፋ።

«እሁድን ታሞ ተኝቶ እንዲያሳልፍ ብቻ ነበር» አለ፣ ራሱ።