ሁለተኛው ጣሳ

«ውባንቺ፣ ይሄ ጎመን እውነት ይበላል?»

ውባንቺ ጆሮዋን ነካ ነካ አደረገች። አያቷ እማማ አሰፋሽ የጎመኑን እስር ሰፌድ ላይ አድርገው ቅጠሉን አንድ በአንድ እያገላበጡ ያዩታል። ጎመኑን ያመጣችው ጎረቤታቸው እትዬ ኣብርሀት፣ የሁለት ዓመት ልጇን ሐዱሽን አዝላ በሩ ላይ ቆማለች።

«ኧረ እማማ፣ ምን ይጠይቋታል?» አለች ኣብርሀት እየሳቀች። «እሷው አይደለች ያስተማረችን? ከከሰል ነጋዴዎቹ ድቃቂውን በማዳበሪያ ተሸክሜ ከፍግ ጋር የባትሪ ሠሪው መሬት ላይ በተንኩት። ይኸው አማረ! ሐዱሼ እንኳ ሳምንቱን ሙሉ ከድንች ጋር ሲበላው ነው የሰነበተው።»

«እሰይ» አሉ እማማ። ዓይናቸው ግን ከውባንቺ ፊት አልተነሳም። «ምን ላድርግ ኣብርሀት፣ ልቤ አያርፍም። ‹የኔ ልጅ ያረጋገጠችው ነው› ብዬ የመሰከርኩልሽ እኔ ነኝ።»

ኣብርሀት ልጇን ጀርባዋ ላይ አደላድላ ተሰናበተች። ውባንቺ መደርደሪያው ላይ ያለውን ጣሳ ላለማየት ፊቷን አዞረች።

ከቤታቸው ጀርባ ያለውን መሬት የያዘው ባትሪ ሠሪው ገብረሰንበት ነበር። ሰውየው ስድስት ዓመት ሙሉ አሮጌ የመኪና ባትሪ ሲሰብር፣ አሲዱን ሲደፋ፣ እርሳሱን ሲያቀልጥ ኖሮ አንድ ቀን ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ገርጂ ውስጥ ባዶ መሬት ተገኝቶ ማን ዝም ይላል? ጎረቤቱ ሁሉ ጎመን ተከለ። የተተከለው ሁሉ ግን ቢጫ እየሆነ ሞተ።

መላውን ለነውባንቺ የነገራቸው የትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ክበብ መምህር፣ ቲቸር ላጲሶ ነው። የተፈጨ ከሰል ከተበከለ አፈር ጋር ቢቀላቀል መርዙን ሊይዘው ይችላል፣ እስቲ እንሞክረው አላቸው። ደግሞም አስጠነቀቀ። «ልብ በሉ፣ ከሰሉ መርዙን አያጠፋውም። ይዞት ይቀመጣል፣ ያውም ከያዘው። አፈሩ ላብራቶሪ ሳይታይ ከዚያ የበቀለ ነገር አፋችሁ እንዳይገባ። እርሳስ የሕፃን ጭንቅላት ነው የሚጎዳው።»

ውባንቺና ጓደኛዋ አስማ በሁለት የዱቄት ወተት ጣሳ ሞከሩት። በአንዱ የገብረሰንበትን አፈር ብቻ፣ በሁለተኛው ያንኑ አፈር ከከሰል ጋር። በሦስተኛው ሳምንት የሁለቱም ችግኝ ጠወለገ። የወላጆች ቀን የሳይንስ ውድድር ሲደርስ ግን ሁለተኛው ጣሳ ላይ ለምለም ጎመን ቆሞ ነበር።

ውባንቺ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደች። ለስላሳ ነው፣ የበግ በጠጥ ይሸታል። የነአስማ ጓሮ አፈር!

«አስማ፣ ቀየርሽው?»

«አቦ አታካብጂ!» አስማ ሳቋን አፈነች። «ከሰል ነስንሼበታለሁ እኮ። ዳኞቹን ፎገርናቸው፣ አለቀ። ማን ይጎዳል?»

ስማቸው ተጠራ። እማማ ከፊት ወንበር ተነስተው እልል አሉ። እትዬ ኣብርሀትም አጠገባቸው ነበረች። ውባንቺ ወረቀቷን ይዛ ማይክራፎኑ ፊት ቆመች። «ላብራቶሪ ሳይታይ አይበላ» የሚለው መስመር ጋ ስትደርስ ዘለለችው። አፈሩ ይመርመር ቢባል የማን አፈር እንደሆነ ይታወቃላ! ከዚያ ጭብጨባው መጣ፣ 1989 ዓ.ም. የሚል ምስክር ወረቀትም ተሰጣት።

ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት ውስጥ አስማ ክንዷን ይዛ አስቁማት ነበር። «ቅዳሜ የከተማው ውድድር ነው። አንቺ ካወራሽ ሁለታችንም ከክበቡ እንባረራለን። ወንድሜ ደግሞ ይገድለኛል፣ ታውቂዋለሽ። በአላህ፣ ውቢ!» ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ውባንቺ ክንዷን አስለቅቃ ሄደች። ጓደኛዬን አሳልፌ ልስጥ? እያለች ነበር ቤት የደረሰችው። ጎመኑ እየተበላ መሆኑን ያኔ አልሰማችም ነበር።

«ዝም አልሽ» አሉ እማማ። ቢላዋውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። «እኔ ሳይንሱን አላውቀውም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ነው። አንቺን ግን አውቅሻለሁ። የምትደብቂው ሲኖር ጆሮሽን ነው የምትነካኪው።»

ውባንቺ እጇን ከጆሮዋ አወረደች።

«በይ እንግዲህ፣ ይበላል ካልሽ ልክተፈው። አይበላም ካልሽም ንገሪኝ። እኔ ያረጀሁ ነኝ፣ ግድ የለም። ብቻ ያ ሕፃን...»

ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ የኣብርሀት ድምፅ ይሰማል። «ሐዱሼ፣ አፍህን ክፈት እስቲ። አንዴ ብቻ፣ የኔ ጌታ። ይቺን ብቻ!» ማንኪያ ከሳህን ጋር ተጋጨ።

ውባንቺ ተነሳች። ጎመኑን ከሰፌዱ ላይ አፈሰችው። ጣሳውን ከመደርደሪያው አወረደች። ከሥሩ ተቀምጦ የነበረው ምስክር ወረቀት መሬት ላይ ወደቀ፣ አላነሳችውም።

«ወዴት ነው? ውባንቺ! ምን ሆንሽ? ብርድ ነው እኮ፣ ሹራብሽን ልበሺ!»

ውባንቺ ጎመኑን በብብቷ፣ ጣሳውን በእጇ ይዛ ወጣች፤ ወደ እትዬ ኣብርሀት በር።