ማንቆርቆሪያው ባዶ የነበረበት ቀን

ይሄ ነገር የደረሰው በጠራራ ፀሐይ ነው። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ህልም ነው ብዬ ራሴን አታልል ነበር... ግን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር፤ እኔም በእግሬ ቆሜ ነበርኩ።

ቦታው ጂቡቲ፣ ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር።

የውብዳር እባላለሁ። ፈሪ እንዳልመስላችሁ። እዚህ አገር የገባሁት በረሃ አቋርጬ ነው። መንገድ ላይ ጅብም አይቻለሁ፣ ደላላም አይቻለሁ፤ ከሁለቱ ደላላው ይብሳል።

የምሠራው እማማ ወለተማርያም ቤት ነው። ባለቤታቸው ጋሽ ገብረማርያም ድሮ ባቡር ነጂ ነበሩ። እማማ ደግ ሰው ናቸው። የአምስት ዓመት ልጄን ሲፈንን ይዤ እንድኖር የፈቀዱልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌላው ቤት ሁሉ ከነልጅሽ አንቀጥርም ብሎ መልሶኛል።

ከቤቱ ጀርባ የአሮጌው ባቡር ሐዲድ ያልፋል። ባቡሩ ከቆመ ዓመታት ሆኖታል። ሐዲዱን አሸዋ ውጦታል፤ ፍየል ይተኛበታል።

ሳሎን ውስጥ አንድ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ሆልሆል የሚባለው ቦታ ያለው ሸለቆ ነው። ተራራው ግራና ቀኝ ቆሞ፣ ባቡሩ በረጅሙ የብረት ድልድይ ላይ ሲያልፍ... ከስር ገደል ነው። ሲፈን ከፎቶው ፊት አትጠፋም ነበር። እውነት ለመናገር ውበቱ እኔንም ያፈዘኝ ነበር።

እማማ አንድ የማይዘሉት ልማድ ነበራቸው።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ ሰፈሩ ጫቱን ይዞ ጥላ ውስጥ ሲገባ፣ በጓሮ በር በኩል በርጩማ ይወጣል። በርጩማው ላይ ሳፋ፣ ውሃ የሞላ ማንቆርቆሪያና ንጹህ ፎጣ ይቀመጣል። ከዚያ በሩ ይቆለፋል።

ለማን ነው ብዬ ስጠይቃቸው ለመንገደኛ ነው ይሉኛል። በሆዴ እስቅ ነበር። በዚያ ሙቀት ከፍየል በቀር ምን መንገደኛ አለ?

ያን ሰሞን ውሃ ጠፋ። ቧንቧው ደረቀ፣ በርሜሉም አለቀ። የቀረችው ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለችው ብቻ ነበረች። ሲፈን ደግሞ ሙቀቱ ገላዋ ላይ ሽፍ ብሎባት እያከከች ታለቅሳለች።

ልጄ ትበልጥብኛለች። በዚያች ውሃ አጠብኳትና አስተኛኋት። ባዶውን ማንቆርቆሪያ በርጩማው ላይ አስቀምጬ በሩን ቆለፍኩ።

ገና ዞር ከማለቴ ፊሽካ ሰማሁ።

ሩቅ ነው። ሁለት አጭር... አንድ ረጅም...

ከዶራሌ ወደብ የሚወጣ ከባድ መኪና ይሆናል አልኩ።

ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ይንካኩ ጀመር። ውጪ ፍየሎቹ ተነስተው ሲሮጡ ሰማሁ።

ከበሩ ስር ነፋስ ገባ። ቀዝቃዛ ነው... በጂቡቲ ሐምሌ! እርጥብ ድንጋይ ይሸታል።

እማማ ከአልጋቸው ወርደው በባዶ እግራቸው መጡ። ያለ ከዘራ ሲራመዱ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

"የውቤ..." አሉ በሹክሹክታ። "ውሃ አለ?"

"የለም እማማ። ሲፈንን አጠብኩበት።"

ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ልጅሽን ያዢ።"

ግድግዳውን ተደግፈው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ነገሩኝ። ጋሽ ገብረማርያም ወደ ከተማው ሲቃረቡ ያን ፊሽካ ያሰሙ ነበር፤ ምሳ ይቅረብ ማለታቸው ነው። ትንሿ ልጃቸው እስከዳር ማንቆርቆሪያ ይዛ በጓሮ በር ትወጣና ታስታጥባቸዋለች። አንድ ቀን ሸለቆውን ላሳያት ብለው ይዘዋት ሄዱ። ባቡሩ እዚያ ሲቆም ምሳ ሊበሉ ከድልድዩ ስር ወረዱ። እሷ ውሃ እያፈሰሰች፣ እሳቸው እጃቸውን እንደዘረጉ... ከተራራው ጎርፍ መጣ። ሁለቱም አልተገኙም።

"ገብሬ ውሃ ካለ ራሱ ታጥቦ ይሄዳል" አሉኝ። "ከሌለ... የሚያስታጥበው ልጅ ይጠራል።"

ዞር አልኩ።

ፍራሹ ባዶ ነው።

ሲፈን የጓሮ በሩ ጋ ቆማለች። ዓይኗ ተከፍቷል፤ እኔን ግን አያየኝም። ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

ያ ማንቆርቆሪያ ውጪ ነበር። በሩን የቆለፍኩት ራሴ ነኝ።

ሮጬ ደረስኩባት። ወገቧን አቅፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ትጎትተኝ ጀመር። የአምስት ዓመት ልጅ... እኔን ወደ በሩ ትጎትተኛለች። ልጄን ሊወስዱብኝ ነው ብዬ ይበልጥ አጥብቄ ያዝኳት።

በሩ ተንኳኳ። ቀስ ብሎ፣ እንግዳ እንደሚያንኳኳው።

እማማ ግንባራቸውን በሩ ላይ አሳረፉ።

"ገብሬ... ይቺ የሰው ልጅ ናት። ያንተዋ እዚያው አጠገብህ አለች። እሷ ታስታጥብህ።"

ማንኳኳቱ ቆመ።

ከዚያ ሳፋው ውስጥ ውሃ ሲፈስ ሰማን። ቀስ እያለ... ሰው እጁን ሲታጠብ እንደሚሰማው። ማንቆርቆሪያው ግን ሲፈን እጅ ላይ ነበር።

ፊሽካው ወደ ተራራው ራቀ። ብርጭቆዎቹ ጸጥ አሉ። ልጄ እቅፌ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። ያን ቀን አምላኬን ያመሰገንኩትን ያህል በሕይወቴ አመስግኜ አላውቅም።

በሩን የከፈትነው ፀሐይ ከበረደች በኋላ ነው። ሳፋው ሙሉ ነበር፤ ውሃው ላይ ጥቁር ቅባት ተንሳፍፏል። ፎጣው ላይ የሁለት ትልልቅ እጆች አሻራ አለ።

ከሐዲዱ እስከ በራችን ደግሞ የሕፃን እግር ዱካ... እርጥብ። ያ ሁሉ ፀሐይ አላደረቀውም።

ዱካው የሚገባ ብቻ ነው። የሚወጣ የለም።

እማማ አዩትና አለቀሱ። የፈሩ ግን አልመሰለኝም። ያን ቀን የጓሮ በሩን የቆለፉት ቀስ ብለው፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃባቸው አድርገው ነው።

እኔ ሌላ ቤት እየፈለግኩ ነው። ከነልጄ የሚቀጥረኝ እስካሁን አላገኘሁም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ሲፈን አጠገብ ጋደም ልል ሄድኩ። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ተኝታለች። በግድግዳው በኩል ሰፊ ቦታ አለ።

"ጠጋ በይ" አልኳት።

ዓይኗን ሳትገልጥ...

"ቦታ የለም" አለችኝ።

እጄን በላይዋ አሻግሬ በግድግዳው በኩል ያለውን ትራስ ነካሁት።

እርጥብ ነው።