የቦምቡ ክርክርና የታሪክ መምህሩ

የታሪክ መምህሩ ክፍል አርፍዶ ገብቶ አያውቅም፤ ተማሪ ሰድቦም አያውቅም። ተማሪዎቹ ይወዱታል፣ በሌለበት ግን «ጋሽ ድምር» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ያለ ምክንያት አይደለም። የትኛውንም ጦርነት ሲያስተምር በዚህ ወገን ስንት ሞተ፣ በዚያ ወገን ስንት ሞተ ብሎ ሰሌዳው ላይ ይጽፍና ከሥሩ አስምሮ ይደምራል። ቅጽል ስሙ ጆሮው ደርሶ ነበር፤ አልተቀየመም፤ እንዲያውም ሳይወደው አልቀረም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ አከራከረ። ርዕሱ «ጦርነትን ለማሳጠር አቶሚክ ቦምብ በከተማ ላይ መጣል ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም?» የሚል ነው። ተገቢ ነበር ለሚለው ወገን የክፍሉ አለቃ ቆመ፤ ተገቢ አልነበረም ለሚለው ደግሞ መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ ዝምተኛ ተማሪ ወጣች።

አለቃው ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። «ጦርነቱ አንድ ዓመት ቢቀጥል ኖሮ የሚያልቀው ወታደር ቦምቡ ከገደለው ሰው ይበልጥ ነበር። በጥቂቱ ጨክኖ ብዙውን ማዳን ጭካኔ አይባልም፤ ኃላፊነት ነው።»

ክፍሉ አጨበጨበ። ንግግሩ ከመምህሩ ማስታወሻ ቃል በቃል የተወሰደ ነበርና መምህሩም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ልጅቷ ወረቀቷን አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው። «ስንት ወታደር ይሞት እንደነበር ማንም እርግጠኛ አይደለም፤ ግምት ነው። የሞቱት ግን ግምት አይደሉም። አሮጊቶች አሉበት፣ ሕፃናት አሉበት። እኛ እንሙት ብለው ነበር? ማን ጠየቃቸው?»

«ይኼ ስሜት ነው» አላት መምህሩ፣ ሳይቆጣ። «እዚህ የምንፈልገው ማስረጃ ነው። ሞት ሁሉ ያሳዝናል፤ ታሪክ ግን በእንባ አይመዘንም።»

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። መምህሩም ድሉን ለአለቃው ፈረደ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መምህሩ መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብሎ የፈተና ወረቀት ሲያርም ስልኩ ጮኸ። ታላቅ እህቱ ናት፤ በከተማው ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ኃላፊ ነርስ ነች። በሥራ ሰዓት ደውላለት አታውቅም።

«የደምህ ዓይነት ኦ ነው አይደል?» አለችው፣ ሰላም እንኳ ሳትለው። «የሳሙና ፋብሪካው የውሃ ማፍያ ቦይለር ፈንድቷል። ቶሎ ድረስልኝ።»

ደም ሰጥቶ ሊወጣ ሲል እህቱ ኮሪደሩ ላይ እጅጌውን ያዘችው። የሰው እጅ አጥሯቸው ነበር። እጁን አስታጥባ፣ ጋውንና ጭምብል አልብሳ አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ አልጋ አጠገብ አቆመችው። የሴትየዋ መዳፍ ተርፏል፤ ፋሻው እስኪጠቀለል መዳፏን ይዞ ክንዷን ከፍ ማድረግ ነው ሥራው። ክንዷ ግን ክንድ አይመስልም። መምህሩ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቢያጣ ፊቷን አየ። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው።

«ውሃ» አለችው። «እባክህ ወንድሜ፣ አንድ ጉንጭ።»

ሐኪሙ ገና አይሆንም አለ። መምህሩ «ቆይ፣ ይሰጡሻል» አላት።

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

«አስር ተኩል።»

«ልጄ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማለች» አለች። «የሚያመጣት የለም።»

የትምህርት ቤቱን ስም ተቀብሎ፣ ፋሻው እንዳለቀ ወጥቶ ደወለ። ዘበኛው ትንሿ ልጅ እዚያው እንዳለች፣ አክስቷ ተጠርታ እስክትመጣ ከአጠገቡ እንደማያርቃት ነገረው። ተመልሶ ሲገባ እናትየው እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

እህቱ መታጠቢያው ጋ ቆማ እጇን እየፈተገች ነው። «የተቃጠሉት ሦስት ናቸው» አለችው። «ሦስት ብቻ! ስድስት ነርስ፣ ሁለት ሐኪም ተረባርበን አልቻልንም። ፋሻውም ግሉኮሱም አልቆ ሌላ ሆስፒታል እየለመንን ነው።»

መምህሩ ለምን እንደሆነ ሳያውቀው የጠዋቱን ክርክር ነገራት። እጇን ማድረቅ ትታ አዳመጠችው።

«በዚያ ከተማ ስንት ነበሩ አልክ?»

«በአስር ሺዎች።»

«ነርሶቹስ?»

ይህን አስቦት አያውቅም። «እነሱም ያው…»

«እነሱም ተቃጥለዋል። ሆስፒታሉም አብሮ ነዷል። ውሃ ሲጠይቁ ቆይ የሚላቸው እንኳ አልነበረማ!»

«ግን እኮ እትዬ፣ ጦርነቱ ቢቀጥል የሚሞተውስ ሰው አይደለም?»

«ሰው ነው እንጂ። እኔ ስለ ጦርነት አላውቅም። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ፣ አምስት በሽተኛ ይዳን ተብሎ በደጅ የሚያልፍ ጤነኛ ሰው ሲገደል አላየሁም። እንግደል የሚል ሐኪም ቢመጣ፣ ሒሳቡ ልክ ነው ብለን እንጨብጠዋለን? ፖሊስ ነው የምንጠራበት።»

ሴትየዋ ቅዳሜ ጠዋት ሞተች። ጋዜጣው «በአደጋው የአንድ ሰው ሕይወት አልፏል» ብሎ በአንድ መስመር ጻፈው። መምህሩ ገጹን ገልብጦ ቀጣዩን ፈለገ፤ ቀጣይ አልነበረውም።

ሰኞ ክፍል እንደገባ ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፈም። «ሐሙስ ዕለት የሰጠሁት ፍርድ የተሳሳተ ነበር» አለ። መስኮቱ አጠገብ ወዳለችው ተማሪ ዞሮ፣ «ስሜት ነው ያልኩሽ ከባድ ጥያቄ ነበር። መልሱን ስለማላውቅ ነው ያስቀመጥኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት። ከዚያ ሆስፒታል ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራቸው።

የክፍሉ አለቃ ፊቱ ቀልቶ ተነሣ። «መምህር፣ የእናቴ አያት በዚያ ጦርነት ወታደር ነበሩ። ወደ ግንባር ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ጦርነቱ አበቃ። ባያበቃ ኖሮ እኔ አልወለድም ነበር። መሞት ነበረባቸው ነው የሚሉኝ?»

መምህሩ ወደ አለቃው ዴስክ ቀረበ።

«አይደለም። በመትረፋቸው ደስ ይለኛል፤ አንተም እዚህ በመኖርህ። ግን በዚያ ከተማ እናቷን የምትጠብቅ ልጅ ነበረች። ጦርነቱን አልጀመረችውም፣ ላቁመው ብትልም አትችልም። እሷን አቃጥሎ ሌላውን ማትረፍ ይፈቀዳል ካልን፣ ነገ ያንተን እህት አትንኩ የምንልበት አፍ አይኖረንም።»

«ታዲያ ጦርነቱ በምን ይቁም?»

«ሐሙስ ይህን አለመጠየቄ ነው ጥፋቴ። ሁለት መንገድ ብቻ ያለ አስመስዬ አቀረብኩላችሁ። ድርድር ነበር? ማስጠንቀቅ ይቻል ነበር? መታገስስ? የዚህ ሳምንት ሥራችሁ ይኼ ነው።»

አለቃው ተቀመጠ እንጂ አላመነም። ደወል ሲደወል ግን ሌሎቹ ወጥተው እሱ ቀረ።

«የሟቿ ልጅ አሁን ማን ጋ ናት?» አለ።

«አክስቷ ጋ። ከሰዓት ልጠይቃት እሄዳለሁ።»

«እኔም ልምጣ?»

«ና» አለው መምህሩ።

ወገኖቼ፣ ዛሬም በየሥራ ቦታችን ስለ ጦርነት ስናወራ «አንድ ቦምብ ጥሎ መገላገል ነው» የሚል አይጠፋም፤ የሚስቅለትም አይጠፋም። ይህን የሚል ሰው ሁልጊዜ ክፉ አይደለም፤ መምህሩም ክፉ አልነበረም። ቦምቡ ከሚወድቅበት ሰፈር አንድ ሰው እንኳ ስለማያውቅ ነው። ስለዚህ ቀጥሎ ይህን ቃል ስትሰሙ አትሳቁ፤ «በዚያ ሰፈር ማን ይኖራል?» ብላችሁ ጠይቁት።